ቡናን በቁራጭ ግንድ ማባዛት
(ለሳይንስና ለእርሻ ክፍለ ጊዜ የሚረዳ ትምህርት)



ቡና ከምን ይበቅላል ተብሎ ቢጠየቅ፣ በማና ይሁን በጎማ፣ በሊሙ ይሁን በጌራ ያደገ ማንኛውም ልጅ «ከፍሬው ነዋ!» ብሎ ይመልሳል። መልሱ ትክክል ነው። ነገር ግን ሙሉ አይደለም። ቡና ከፍሬው እንደሚበቅል ሁሉ ከግንዱ ቁራጭም ይበቅላል። እንዲያውም አንዳንድ የቡና ዓይነቶችን ያለ ብዙ ድካም በትክክል ማባዛት የሚቻለው በዚህኛው መንገድ ነው።

ይህ ነገር ለግብርና ሠራተኛ እንጂ ለመምህር ምን ያደርግለታል የሚል ይኖር ይሆናል። እንግዲህ ነገሩን እንዲህ እንየው። ከመካከላችን ብዙዎቹ ሥልጠናቸውን ሲጨርሱ የሚመደቡት ቡና በሚበቅልበት ገጠር ነው። የተማሪው አባት ቡና ተካይ ነው። እናቱ ፍሬ ለቃሚ ናት። የደብተሩም ዋጋ የሚወጣው ከቡናው ነው። ቡና ከተተከለ በኋላ የመጀመሪያውን ፍሬ ለማየት ሦስት ወይም አራት ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ ገበሬው ዛሬ የተሳሳተ ችግኝ ቢተክል ስህተቱን የሚያውቀው ከሦስት ክረምት በኋላ ነው። መሬቱ ተይዟል፤ ጉልበቱ አልቋል፤ ዓመታቱም አይመለሱም። በገጠር ትምህርት ቤት ደግሞ ገበሬው «እስቲ የኔታ፣ ይህን ነገር እንዴት ያዩታል?» ብሎ መጀመሪያ የሚጠይቀው መምህሩን ነው። መልስ ይዞ መገኘት ይገባናል ለማለት ነው።

፩ኛ/ ዘርና ቁራጭ ምን ይለያቸዋል?

ዘር የሁለት ወላጆች ውጤት ነው። ከወንዴው የአበባ ብናኝ፣ ከሴቴው እንቁልጢ ይገናኙና አዲስ ፍጥረት ይሆናል። ልጅ ከአባቱም ከእናቱም እንደሚወስድ፣ ፍጹምም አንዳቸውን እንደማይሆን ሁሉ ከዘር የበቀለ ተክልም እንዲሁ ነው። ቁራጭ ግን ልጅ አይደለም። ያው ዛፉ ራሱ ነው፤ ሌላ ቦታ ላይ እንደገና ሲቆም ማለት ነው። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ያለው የዘር መመሪያ ከእናት ዛፉ ጋር አንድ ነው። በዚህ ዓይነት ከአንድ ዛፍ የተባዙ ተክሎች በሙሉ በአንድ ስም ክሎን ይባላሉ።

የኛ ቡና፣ ይኸውም አረቢካ የሚባለው፣ አበባው በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ነው የሚራባው። ስለዚህ ለብዙ ትውልድ ሲመረጥ የኖረ አንድ ንጹሕ ዝርያ ቢኖረን፣ ከፍሬው የሚበቅሉት ችግኞች እናታቸውን እጅግ ይመስላሉ። ለእንዲህ ያለው ቡና ዘሩ ይበቃል፤ ቁራጭ ፍለጋ መድከም አያስፈልግም።

ድቅል ቡና ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ድቅል የሚባለው ሁለት የተለያዩ ዝርያዎችን አዳቅሎ የሚገኘው የመጀመሪያው ትውልድ ነው። ብዙውን ጊዜ ከሁለቱም ወላጆቹ ይበልጣል፤ ጠንካራና ብዙ የሚያፈራ ይሆናል። በቅሎን እናስብ። ከአህያና ከፈረስ ትወለዳለች፤ ለጭነትና ለመንገድ ከሁለቱም ትመረጣለች፤ ግን አትወልድም። ድቅል ቡና እንደ በቅሎ መካን አይደለም። ያፈራል፤ ፍሬውም ይበቅላል። ችግሩ ከፍሬው የሚበቅሉት እናታቸውን አለመምሰላቸው ነው።

ለምን ቢባል መነኩሴው ግሪጎር ሜንደል በ1866 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአተር ጥናት ያሳየን ሕግ ነው። አንድን ባሕርይ የሚወስን አንድ ጥንድ የዘር ቅንጣት ብቻ ብንወስድ፣ ከድቅሉ ልጆች መካከል እንደ እናታቸው ድብልቅ የሚሆኑት በአማካይ ግማሾቹ ናቸው። ሁለት ጥንድ ብንወስድ ሩብ፣ ሦስት ጥንድ ብንወስድ ስምንተኛ እያለ ይቀንሳል። ለየብቻቸው የሚተላለፉ አሥር ጥንዶችን ብንወስድ ከ1,024 ችግኞች በአማካይ እናቱን በሁሉም የሚመስለው አንድ ብቻ ነው። እንግዲህ ከጎረቤቱ ድቅል ቡና ሥር ፍሬ ለቅሞ ችግኝ ያፈላ ገበሬ፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ የሚያፈራ፣ አንዱ ባዶ የሆነ ማሳ ቢያገኝ ሊደነቅ አይገባም። ጥፋቱ የአፈሩም የዝናቡም አይደለም። የዘሩ ነው።

፪ኛ/ ይህ ነገር ጅማ ላይ ለምን ትልቅ ጉዳይ ሆነ?

የቡና ፍሬ በሽታ የሚባለው የሻጋታ ዓይነት በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው በ1922 እ.ኤ.አ. በኬንያ ነው። ወደ አገራችን መግባቱ የታየው ደግሞ በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። በሽታው አረንጓዴውን ፍሬ ያጠቁረዋል፤ ፍሬው ይደርቃል ወይም ይረግፋል። ገበሬው አበባውን አይቶ የተደሰተበት ዛፍ በለቀማ ጊዜ ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል።

ከጅማ ከተማ በስተምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ መልኮ ላይ የሚገኘው የእርሻ ምርምር ማዕከል የተቋቋመው በ1967 እ.ኤ.አ. ነበር። በሽታው ከገባ በኋላ ባለሙያዎች በየጫካውና በየገበሬው ማሳ እየዞሩ በበሽታው መካከል ቆመው ጤናማ ፍሬ የያዙ ዛፎችን ይፈልጉ ጀመር። ዛሬ በየችግኝ ጣቢያው 741፣ 74110፣ 74112፣ 74140 የሚሉ ስሞች እንሰማለን። ብዙ ሰው የመኪና ሰሌዳ ይመስለዋል። ነገር ግን መጀመሪያ ላይ ያለው 74 እናት ዛፉ የተመረጠበትን ዓመት፣ ማለትም 1974 እ.ኤ.አ.ን ነው የሚያመለክተው። እነዚህ ዝርያዎች በዘር ይባዛሉ።

ከዚያም በኋላ ማዕከሉ የአገሩን ዝርያዎች እርስ በርስ በማዳቀል ድቅሎችን አውጥቷል። ከእነዚህም አባቡና፣ መልኮ ሲ ኤች 2 እና ጋዌ የሚባሉት ይታወቃሉ። ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል። ድቅሉ ተገኘ፤ ታዲያ ለገበሬው እንዴት ይዳረስ?

አንዱ መንገድ በእጅ ማዳቀል ነው። አበባው ከመፈንዳቱ በፊት የወንዴውን ክፍል በጥንቃቄ ነቅሎ፣ ከሌላው ወላጅ የመጣውን ብናኝ በሴቴው ላይ ማድረግ ነው። አንድ ፍሬ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ሁለት ዘር ብቻ ነው። እንግዲህ 1,000 ችግኝ ለማግኘት አንድም ሳይበላሽ ቢያንስ 500 አበባ አንድ በአንድ መዳቀል አለበት። የቡና አበባ ደግሞ ከፈነዳ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠወልጋል። ሥራው ምን ያህል እጅ እንደሚፈልግ መገመት አያስቸግርም። ሁለተኛው መንገድ በላቦራቶሪ ውስጥ ከጥቂት የተክል ሕዋሳት ማባዛት፣ ማለትም ቲሹ ካልቸር ሲሆን፣ ይህ ንጹሕ ክፍል፣ መሣሪያና ሠልጣኝ ባለሙያ ይጠይቃል። ሦስተኛው የኛ ርእስ የሆነው የቁራጭ ግንድ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ስለት፣ አሸዋ፣ ላስቲክ፣ ጥላና ትዕግሥት ነው።

፫ኛ/ ቁራጩ ሥር የሚያወጣው እንዴት ነው?

ግንድን ልብ ብለን ብናይ በየተወሰነ ርቀት ቅጠል የሚወጣበት ቦታ አለ። ይህ አንጓ ይባላል። በእያንዳንዱ ቅጠል ብብት ውስጥ ተኝቶ የሚጠብቅ እምቡጥ አለ። የዛፉ ጫፍ በሕይወት እስካለ ድረስ ይህ እምቡጥ አይነሣም። ጫፉ «እኔ አለሁ፤ እናንተ ቆዩ» ብሎ እንደሚያዝ ያህል ነው። ይህን ትእዛዝ የሚያስተላልፈው ኦክሲን የሚባለው ሆርሞን ነው። ቻርልስ ዳርዊንና ልጁ ፍራንሲስ በ1880 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ከቡቃያ ጫፍ ወደ ታች የሚተላለፍ አንድ ነገር መኖሩን አመለከቱ። በ1920ዎቹ ደግሞ ሆላንዳዊው ፍሪትስ ዌንት ንጥረ ነገሩን ከቡቃያ ጫፍ ለይቶ ሥራውን አሳየ።

ኦክሲን ከጫፍና ከለጋ ቅጠል ተነሥቶ ወደ ታች ይወርዳል። ግንዱ ሲቆረጥ መውረጃው ይዘጋበታል፤ ስለዚህ በቁራጩ ታችኛ ጫፍ ላይ ይጠራቀማል። በዚያም ሕዋሳቱ መከፋፈል ይጀምራሉ። መጀመሪያ ነጣ ያለ እብጠት ይታያል፤ ቁስሉ እየዳነ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ከግንዱ ውስጥ አዳዲስ ሥሮች ይወጣሉ። የላዩም ጫፍ ስለሌለ ተኝቶ የነበረው የብብት እምቡጥ ነቅቶ አዲስ ግንድ ይሆናል።

ይህን የአገራችን ገበሬ ሳይንሱ ስም ሳይሰጠው በፊት ያውቀዋል። እንሰት ተካዩ የእንሰቱን ግንድ ከመሬት ጠጋ አድርጎ ይቆርጥና የመሐሉን ልብ ፈልፍሎ ያወጣዋል፤ ከዚያም አሚቾውን ይቀብረዋል። አለቃው እምቡጥ ስለጠፋ በዙሪያው ተኝተው የነበሩት ይነሡና ከአንድ አሚቾ በአሥሮች የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም ከመቶ የሚበልጡ ችግኞች ይወጣሉ። የስኳር ድንች ሐረግ፣ የሸንኮራ አገዳ አንጓ፣ ጤና አዳምም ሆነ ጽጌረዳ ሁሉም የዚሁ ሕግ ምሳሌዎች ናቸው።

፬ኛ/ ከየትኛው ቅርንጫፍ ይቆረጥ?

ይህን ክፍል ያልያዘ ሰው ሌላውን ሁሉ ቢያውቅም አይጠቅመውም፤ ስለዚህ አጥብቃችሁ አስተውሉ። የቡና ዛፍ ሁለት ዓይነት እድገት አለው። አንደኛው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚሄደው ግንዱና ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ለጋ ግንድ ነው። ሁለተኛው ወደ ጎን የሚዘረጋውና ፍሬ የሚይዘው ቅርንጫፍ ነው።

ብዙ ሰው «ፍሬ የያዘው ቅርንጫፍ ይሻላል» ብሎ ከጎን ቅርንጫፍ ይቆርጣል። ነገሩ ለዓይን ትክክል ይመስላል። የጎን ቅርንጫፍም ሥር ሊያወጣ ይችላል። ነገር ግን የሚያድገው እንደ ቅርንጫፍ ነው፤ ቀና ብሎ ዛፍ አይሆንም። መሬት ለመሬት የሚንፈራጠጥ ቁጥቋጦ ሆኖ ይቀራል። ከቡና የጎን ቅርንጫፍ ቀጥ ያለ ግንድ አይገኝም። ስለዚህ ደንቡ አንድና አጭር ነው፤ ቁራጭ የሚወሰደው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከሚያድግ ለጋ ግንድ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለው ለጋ ግንድ በብዛት የሚገኘው እናት ዛፉ ሲጎነደል ወይም ግንዱ በቀስታ ጎብጦ ወደ መሬት ሲታሰር ነው። ጫፉ ዝቅ ሲል በግንዱ ጀርባ ላይ ያሉት እምቡጦች ተሰልፈው ይነሣሉ።

፭ኛ/ አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

ሀ/ እናት ዛፍ መምረጥ። ለብዙ ዓመት ምርቱ የታወቀ፣ ከፍሬ በሽታ ነፃ የሆነ፣ ዝርያው በእርግጥ የሚታወቅ ዛፍ ይሁን። ዛፉ ላይ ምልክት ይደረግ። መጥፎ ዛፍ ብናባዛ መጥፎነቱን ነው የምናበዛው።

ለ/ ለጋውን ግንድ መቁረጥ። ከማለዳው፣ ፀሐይ ሳትበረታ ይቆረጥ። አረንጓዴ ሆኖ ትንሽ ጠንከር ያለው የመካከሉ ክፍል ይመረጣል። ጫፉ ገና ውሃ ነው፤ ይበሰብሳል። ቡናማ ቀለም የያዘው ታችኛው ክፍልም ጠጥሯል፤ ሥር ለማውጣት ይዘገያል። የተቆረጠው ወዲያውኑ በባልዲ ውሃ ውስጥ ይቁም ወይም በረጠበ ጆንያ ይጠቅለል።

ሐ/ ማዘጋጀት። እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ አንጓ ይኑረው። ከአንጓው በላይ ጥቂት ብቻ አስቀርቶ፣ ከአንጓው በታች ከአራት እስከ አምስት ሳንቲ ሜትር አስረዝሞ፣ ታችኛውን ጫፍ አግድም ስላሽ አድርጎ መቁረጥ ነው። ቡና በአንድ አንጓ ላይ ሁለት ቅጠል ትይዩ ስለሚያወጣ፣ ቁራጩን ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰንጥቆ አንድ አንድ ቅጠልና አንድ አንድ እምቡጥ ያላቸው ሁለት ቁራጮች ማድረግ ይቻላል። ስድስት አንጓ ያለው አንድ ለጋ ግንድ 12 ቁራጭ ይሰጣል ማለት ነው።

መ/ ቅጠሉን ማሳጠር። የቅጠሉ ግማሽ ያህል በመቀስ ይቆረጥ። ለምን? ቅጠል በቀዳዳዎቹ ውሃ ያስወጣል፤ ቁራጩ ደግሞ የሚተካበት ሥር ገና የለውም። ታዲያ ጨርሶ ለምን አይነሣም ትሉ ይሆናል። ቅጠሉ ምግብ የሚሠራው፣ ኦክሲንም የሚያወርደው እሱ ስለሆነ ነው። ቅጠሉ የረገፈበት ቁራጭ ብዙውን ጊዜ አይድንም። ስለዚህ ግማሹ ለምግብ ይቅር፣ ግማሹ ለውሃ ቁጠባ ይሂድ።

ሠ/ መደቡን ማዘጋጀት። የታጠበ አሸዋ፣ በደንብ የበሰበሰ ሰጋቱራ ወይም ከጫካ ሥር የተወሰደ ልል አፈር ይቻላል። ዋናው ነገር ውሃ ይዞ የሚያቆይ፣ ግን የማያቁርና አየር የሚያስገባ መሆኑ ነው። ትኩስ ፍግ አይገባም፤ ያቃጥላል።

ረ/ መትከል። ቁራጩ የሚገባው አንጓው ከአፈሩ ገጽ ላይ እስኪደርስ ነው። እምቡጡ መቀበር የለበትም። ቅጠሎቹም አንዱ በአንዱ ላይ አይደራረቡ። የሥር ማውጫ የሆርሞን ዱቄት ካለ የታችኛውን ጫፍ ነካ ማድረግ ሥር መውጣትን ያፋጥናል። ከሌለም ሥራው አይቆምም፤ ለጋ ግንድ በራሱ ኦክሲን ሥር ማውጣት ይችላል።

ሰ/ መሸፈን። በመደቡ ላይ የቀርከሃ ቅስት ይሠራና በላስቲክ ይሸፈናል። የላስቲኩ ጠርዝ በአፈር ይታፈን። በውስጡ ያለው አየር ሁልጊዜ እርጥብ ይሆናል። ከላዩ ደግሞ የጥላ ዳስ ያስፈልጋል፤ ላስቲክ ያለ ጥላ በፀሐይ ከተመታ ቁራጮቹን ይቀቅላቸዋል።

ሸ/ መጠበቅ። ሥር ለመውጣት ከሁለት እስከ አራት ወር ይፈጃል። በየቀኑ እየነቀሉ ማየት ክልክል ነው! ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ። ሥር ካወጡ በኋላ ላስቲኩ በአንድ ጊዜ አይነሣም፤ መጀመሪያ ጫፉ፣ ቀጥሎ ለጥቂት ሰዓት፣ በመጨረሻ በሙሉ ይከፈታል። ከዚያም አፈርና ብስባሽ ወደ ተሞላ የችግኝ ላስቲክ ተዛውረው በጥላ ሥር ያድጋሉ። በሰኔ ወይም በሐምሌ ወደ ማሳ የሚወጣ ችግኝ የሚፈልግ ሰው ሥራውን ባለፈው ክረምት መጨረሻ፣ ነሐሴ ወይም መስከረም ላይ መጀመር አለበት።

፮ኛ/ ቁራጩ ቢሞት ምክንያቱን ከምልክቱ ማወቅ

ገበሬውም ተማሪውም «ሞተብኝ» ብቻ ብሎ እንዳይቀር፣ ምልክቱን እንዲያነብ እናስተምረው።

በመጀመሪያው ሳምንት ቅጠሉ ከጠወለገ፦ ላስቲኩ ክፍተት አለው፣ ወይም ቁራጩ ከመተከሉ በፊት ደርቋል።

ታችኛው ጫፍ ከጠቆረና ከለሰለሰ፦ ውሃ በዝቷል፣ መደቡ አያንጠባጥብም፣ ወይም የተቆረጠው በደነዘ ስለት ነው። የደነዘ ስለት ግንዱን አይቆርጠውም፤ ይጨፈልቀዋል።

በቅጠሉ ላይ ሻጋታ ከታየ፦ ቅጠሎቹ ተደራርበዋል፤ የወደቁት አልተለቀሙም።

ሥር አውጥቶ ግንድ ካላወጣ፦ እምቡጡ በስንጠቃው ጊዜ ተቆርጧል ወይም ተቀብሯል።

ስለ ስለት ከተነሣ አንድ ነገር እንጨምር። የቡና ዛፍ አድርቅ የሚባለው በሽታ በግንድ ቁስል በኩል ይገባል፤ ከታመመ ዛፍ ወደ ጤነኛው በገጀራና በመቁረጫ ይተላለፋል። ስለዚህ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲታለፍ ስለቱን በእሳት ወይም በአልኮል ማጽዳት የሥራው አካል ነው።

፯ኛ/ ጥቅሙና አደጋው

ጥቅሙ ከላይ ተነግሯል፤ መልካሙ ዛፍ ሳይለወጥ ይበዛል። አደጋውም ከዚያው ይመነጫል። ሁሉም አንድ ከሆኑ፣ አንዱን የገደለ በሽታ ሁሉንም ይገድላል። ከድንቹ እንጀምር። ድንች የሚተከለው ከዘር ሳይሆን ከራሱ ከድንቹ ነው፤ ማለትም ክሎን ነው። አየርላንድ ውስጥ ድሃው ሕዝብ በጥቂት የድንች ዓይነቶች ላይ ተደግፎ ሳለ በ1845 እ.ኤ.አ. የድንች ዋግ ገባ። በተከተለው ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ።

ቡናም የራሱ ታሪክ አለው። በ1706 እ.ኤ.አ. ከጃቫ ደሴት አንድ የቡና ተክል ወደ አምስተርዳም ተወሰደ፤ በ1714 ደግሞ ከዚያ ዘር አንዱ ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ ተሰጠ። በአሜሪካ አህጉር ከተስፋፋው ቡና ብዙው ከእነዚህ ጥቂት ተክሎች የወረደ ነው። በሴሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ በ1869 እ.ኤ.አ. የቅጠል ዝገት ሲገባ የቡናው እርሻ መቋቋም አቅቶት አገሩ ወደ ሻይ ተሻገረ።

እኛ ግን የአረቢካ ቡና መነሻ ላይ ነው ያለነው። የቡና ፍሬ በሽታ በገባ ጊዜ የሚቋቋሙ ዛፎች የተገኙት በጫካችንና በገበሬው ጓሮ ብዙ ዓይነት ስለነበረ ነው። የቡና ዘር እንደ ጤፍና ስንዴ በጎተራ ለዓመታት ተቀምጦ አይበቅልም፤ በወራት ውስጥ ሕይወቱን ያጣል። ስለዚህ የቡና ዓይነቶች የሚጠበቁት በቁማቸው፣ በዛፍነታቸው ነው። በጎማ ወረዳ ጮጬ የሚገኘው የቡና ዘረመል ማሳ በሺህ የሚቆጠሩ የቡና ናሙናዎችን በዚህ መንገድ ይዟል። እንግዲህ ገበሬውን ስንመክር «የድሮውን ነቅለህ አንዱን ብቻ ትከል» ብለን አይሁን። በአንድ ማሳ የተለያዩ ዓይነቶች ይኑሩ፤ የአባቱን ቡናም ከጓሮው አያጥፋ።

ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። ከዘር የበቀለ ቡና ወደ ታች የሚሰድ ዋና ሥር አለው። ከቁራጭ የተገኘው ግን እንዲህ ያለ ዋና ሥር ስለሌለው በበጋ ቶሎ ይጠማል። ጉዝጓዝና የሰሳ ወይም የዋንዛ ጥላ ያስፈልገዋል።

፰ኛ/ በክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምረው?

ቡና ቀርፋፋ ነው፤ የተማሪ ትዕግሥት አራት ወር አይቆይም። ስለዚህ ሕጉን በፈጣን ተክል እናሳይ። በቡና ማሳ ውስጥ አረም የሆነው የውሃ አንቁር፣ በሶብላ ወይም የስኳር ድንች ሐረግ በውሃ ውስጥ በጥቂት ቀናት ሥር ያወጣል።

ዓላማ፦ ተማሪው ሥር የሚወጣው ከየት እንደሆነና ምን እንደሚያስፈልገው በዓይኑ እንዲያይ።

መሣሪያ፦ አራት ጠርሙስ ወይም ብርጭቆ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ምላጭ (በመምህሩ እጅ ብቻ)፣ የቆየ ወረቀት።

አሠራር፦ አንደኛው ጠርሙስ ውስጥ አንጓው በውሃ ውስጥ፣ ቅጠሉ ከውሃ በላይ የሆነ ቁራጭ ይግባ። ሁለተኛው ውስጥ አንጓ የሌለው የግንድ ቁራጭ ይግባ። ሦስተኛው ውስጥ እንደ አንደኛው ሆኖ ቅጠሉ በሙሉ የተነሣ ይግባ። አራተኛው ውስጥ ጫፉ ወደ ታች የተዘቀዘቀ ቁራጭ ይግባ። ጠርሙሶቹ በወረቀት ይሸፈኑ፤ ብርሃን ከገባ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። ውሃው በየሁለት ቀኑ ይለወጥ፤ ሥርም አየር ይተነፍሳልና። ተማሪዎቹ ለአሥር ቀን በየቀኑ ያዩትን በሠንጠረዥ ይመዝግቡ።

ከሁሉ ቀድሞና በዝቶ ሥር የሚያወጣው አንደኛው ይሆናል። ከሌሎቹ አንዱ ሥር ቢያወጣ እንኳ መዘግየቱንና ማነሱን ይመዝግቡ። መምህሩ መልሱን አስቀድሞ አይናገር፤ ተማሪው መጀመሪያ ግምቱን ይጻፍ፣ ኋላ ያስተያይ። ትምህርት የሚገባው በዚህ መንገድ ነው።

በውሃ ውስጥ የሚኖሩ ተክሎች ይህን ችሎታ ከሁሉ በላይ ይዘዋል። የዓሣ ማኖሪያ መስተዋት ገንዳ ያላቸው ሰዎች ረጅሙን የውሃ ተክል ከአንጓው በታች ቆርጠው ጫፉን እንደገና አሸዋው ውስጥ በመትከል ነው የሚያበዙት። መልካም ነው፤ ግን የተረፈውን ቁራጭ ወደ ወንዝ መጣል አይገባም። በ2011 እ.ኤ.አ. በጣና ሐይቅ ላይ መታየቱ የተነገረው እምቦጭ ምን እንዳደረሰ ሁላችንም ሰምተናል። እምቦጭ በዘርም፣ ከእናቱ ተገንጥለው በሚሄዱ ቡቃያዎችም ይራባል። ሰው ሲነቅለው ጥቂት ቢተው ያው ጥቂቱ ተመልሶ ይሞላል። የውሃ አንቁርንም ቆፍሮ እዚያው ማሳው ላይ የሚተው ገበሬ በመቆፈሪያው ቁራጭ እየተከለ መሆኑን ተማሪዎቹ ከጠርሙሱ ራሳቸው ይረዱታል። አንዱ ሕግ ለቡናው ይጠቅማል፤ ለአረሙም ይሠራል።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. አንድ ገበሬ 74110 የተባለውን ቡና፣ ሌላው ደግሞ አባቡናን ማብዛት ይፈልጋል። ለየትኛው ዘር ይበቃል? ለየትኛው ቁራጭ ያስፈልጋል? ምክንያቱን አስረዱ።

2. ከአሥር ለጋ ግንዶች፣ እያንዳንዳቸው ስድስት አንጓ ቢኖራቸው፣ ሰንጥቀን ስንት ቁራጭ እናገኛለን? ከአራቱ ሦስቱ ቢይዙ ስንት ችግኝ ይኖረናል?

3. ከጎን ቅርንጫፍ የተወሰደ ቁራጭ ሥር ካወጣ በኋላም ለምን አይጠቅምም?

4. የእንሰት ልብ መፈልፈልና የቡና ግንድ ማጉበጥ በምን ይመሳሰላሉ?

5. በተመደባችሁበት ቀበሌ ሁሉም ገበሬ አንድ ክሎን ብቻ ልትከል ቢል ምን ብላችሁ ትመክሩታላችሁ?

ውድ ሠልጣኞች፣ አንድ ቡና ተካይ ከመትከሉ በፊት «ይህ ቡና ምን ዓይነት ነው? ዘሩስ ከየት መጣ?» ብሎ እንዲጠይቅ ብናደርገው፣ ሦስት ክረምት አተረፍንለት ማለት ነው። መምህራኖቻችንም የጎደለ ካዩ በዚሁ ጋዜጣ ቢያክሉበት፣ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ አንድ መደብ ቢፈቀድልንና በተግባር ብንሞክረው ደግሞ ትምህርቱ ከወረቀት ወደ መሬት ይወርዳል።